7 ወር ከአልቃሻው ካስማ ጋር

የዚያን ዕለት ጠዋት በጣቴ ባልቆፍር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሰኔ ላይ ነው። ቡናው እስኪፈላ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መሬት ውስጥ ተተክሎ በፀሐይ ኃይል እየጮኸ ፍልፈል ያባርራል ተብሎ ከተሸጠልኝ የሶላር ካስማ አንዱ ዘመም ብሏል። አጠገቡ ትኩስ አፈር ጉብ ብሏል። ተንበርክኬ ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ሦስት ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አገኘሁ። ግድግዳው በመዳፍ የተለሰነ ይመስላል። ቀጥ ብሎ ይመጣና ካስማው ጋ ሲደርስ ትንሽ ዞር ብሎ ያልፋል። ጣቴ እዚያው እያለ ካስማው «እዝዝዝዝ» አለ። ፍልፈሉ ይህን እየሰማ፣ ምናልባትም ጎኑን እየታከከበት ነው ያለፈው። ጆሮ ዳባ ልበስ!

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን ስንገዛ ፍልፈሉም ከጓሮው ጋር አብሮ እንደተሸጠልን የነገረን አልነበረም። በሚያዝያ ሳሩ የደም ሥሩ እንዳበጠ ክንድ መስመር በመስመር ሆነ። ስትረግጠው እግርህ ይሰምጣል። ቀጥሎ የጎመን ችግኞቼ ጠወለጉ። ያኔ ነው ተናድጄ 4 ካስማ በ43 ዶላር የገዛሁት።

ንዴቴ የመጣው ከልጅነቴ ነው። ያደግሁት ድንች በሚተከልበት አገር ስለሆነ ፍልፈል ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በዚያ ብርቱካንማ ጥርሱ ድንቹን ከሥር ይጨርሰዋል፤ አንተ ላዩን ቅጠል እያየህ ደስ ይልሃል። የዚህ አገሩ ግን ሌላ ፍጡር ነው። የኛው የአይጥ ወገን ነው፤ ይሄኛው አይደለም። ሥርም አይበላም። የሚለቅመው የምድር ትልና የጥንዚዛ እጭ ነው። ጎመኔን የጎዳውም ጥርስ ሳይሆን ባዶ ቦታ ነበር። ከሥሩ ሲሰረሰር ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ደረቀ። አፈሩን ረገጥ ረገጥ አድርጌ ውሃ ሳጠጣው ግማሹ ነፍስ ዘራ። ይህን ማንም ሻጭ አልነገረኝም። መድኃኒቱ በነፃ ነዋ!

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አሁን አውቃለሁ። «ሁለት ሳምንት ታግሠሃል?» ሰባት ወር ታገሥኩ። «በቂ ካስማ ተክለሃል?» ሳጥኑ ላይ አንዱ 650 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ይላል። የኔ ጓሮ ለአንዱም አይሞላ፤ አራቱንም ነው የተከልኩት። «አፈሩ ልል ሆኖ ይሆናል፣ ድምፁን አያስተላልፍም።» ወንድሜ፣ እዚህ ሸክላ አፈር ነው። ካስማህ እንዳይሰበር መጀመሪያ በብረት በስቼለታለሁ። «እንግዲያው ፍልፈሉ ለምዶት ይሆናል።» እዚህ ላይ እንስማማለን። ጥፋቱ የኔም ነው። የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡትን የግብርና ምክር ቀድሜ ባነብ ኖሮ፣ ድምፅና ንዝረት እንደማያባርረው፣ የሚያዋጣው ወጥመድ እንደሆነ አየው ነበር። ያነበብኩት ገንዘቤን መመለሻው 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ባትሪው ግን አይታማም። ዝናብ ሆነ ደመና፣ በየ30 ሴኮንዱ እዝዝ ይላል። እንዲሞት የምመኘው እሱ ብቻ ሲሆን እሱ ብቻ ነው የሠራው። እናቴ የልጅ ልጆቿን ልታይ መጥታ በመጀመሪያው ሌሊት አልተኛችም።

«ልጄ፣ ይሄ እንጨት ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድረው ምን ሆኖ ነው?»

«ፍልፈል ያባርራል ተብሎ ነው እማዬ።»

«እና አባረረ?»

ዝም አልኩ።

መፍትሔ ያመጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቀኑን ሙሉ ከሳራቸው የማይለዩ ሰው። ጉብታውን በሙሉ ርገጠው አሉኝ። በማግስቱ ተመልሶ ያበጠው እሱ የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ ወጥመዱን እዚያ ላይ። መቀስ የሚመስል የብረት ወጥመድ አዋሱኝ። በሦስተኛው ቀን ያዘ። ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ አሳዘነኝ። መዳፌ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ነው። ፀጉሩ እንደ ከፋይ ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብታሸው አይቆምም። ዓይኑ አይታይም። እጆቹ ግን ወደ ውጭ የዞሩ አካፋዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ጉድ የሠራው ይሄ ነው? ብዙ ጊዜ አንድ ጓሮ የሚያምሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ እኔ መንጋ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳሩ እስከ መስከረም ጸጥ አለ። አሁን በአጥሩ በኩል አዲስ መስመር አለ። ባዶ የቀረ ጉድጓድ ሌላ ተከራይ አያጣም። ወጥመዱን በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ።

ካስማዎቹን ልጣላቸው ወይስ ልተዋቸው? ሦስቱን ነቅዬ ጋራዥ ወረወርኳቸው። ለማንም አልሰጥም፤ ጠላቴ እንኳ አይግዛ። አራተኛው ከአፈሩ አልነቀል ብሎኝ እዚያው ቆሟል። እናቴ አገሯ ከገባች በኋላ እሑድ እሑድ ስትደውል ልጆቹን ትጠይቅና፣ ሥራ እንዴት ነው ትልና፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ያ አልቃሻ እንጨት አለ?» ትለኛለች።

«አለ እማዬ» እላታለሁ።