«ለመላው ቤተሰብ» የተባለውን የወንጀል ድራማ ከመግዛታችሁ በፊት

ወላጆች፣ «ለመላው ቤተሰብ» እየተባለ የሚሸጥ የወንጀል ተከታታይ ድራማ ከልጆቻችሁ ጋር ለማየት ካሰባችሁ፣ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ የአንዱን ሙሉ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ከፍዬ ገዛሁ። ማስታወቂያው ያሳየኝ ድራማና ቤቴ የገባው ድራማ ለየቅል ናቸው።

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ጨዋታ አዋቂ መርማሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎችም እንደዚያው ናቸው፤ ግድያው ከተዘጋ በር ጀርባ ይፈጸማል፣ የቀረው ፍንጭ መልቀምና እንቆቅልሽ መፍታት ነው። ልጆች ይህን ይወዱታል፤ ገዳዩን ቀድመው ለመገመት ይሽቀዳደማሉ። ምዕራፉ ሲጋመስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዲት ታዳጊ ከገዛ መኝታ ቤቷ ትታፈናለች። አፋኙ እጇን ከወንበር ጋር ሲያስር ካሜራው ከገመዱ ላይ አይነሳም፤ እናቷን መጣራት ስትጀምር ሙዚቃው ይቋረጥና ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። አፋኙ ማን እንደሆነ ተመልካቹ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ትዕይንቱ ለምርመራው የሚጨምረው ቅንጣት ፍንጭ የለም። የተቀረጸው ለማስደንገጥ ብቻ ነው። የ9 ዓመት ልጄ አሁን ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን መተኛት አልቻለችም።

ብዙዎቻችን ድራማን የምንመዝነው በሚታየው ደም ብዛት ነው። ልጅ ግን ተጎጂው እንደ እርሱ ልጅ ሲሆን፣ አደጋውም ከገዛ ቤቱ ወይም ከሚያምነው ሰው ሲመጣ፣ አንዲት የደም ጠብታ ሳያይም ይሸበራል። «ደም የለበትም» የሚል አስተያየት ስታነቡ ይህን አስቡ።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ከደንበኞች አገልግሎት የተሰጠኝ የመጀመሪያ መልስ «የዕድሜ ደረጃው ተጽፏል፤ ማንበብ የእርስዎ ድርሻ ነው» የሚል ነበር። አንብቤዋለሁ! በመሸጫው ገጽ ላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ደረጃ ነው። የከበዱት ክፍሎች ደረጃ የሚታየው ክፍሉ ከተከፈተ በኋላ፣ በማያው ጥግ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ማየት ስለጀመሩ ተመላሽ የለም» ተባልኩ።

ስለ ዕድሜ ደረጃ ይህን እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት ሥርዓት ደረጃውን የሚሰጡት አሰራጮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ደረጃውም ከክፍል ክፍል ሊለያይ ይችላል። በቲቪ-ፒጂ (ልጆች በወላጅ ክትትል የሚያዩት) የተጀመረ ድራማ መሀል ላይ ቲቪ-14 (ከ14 ዓመት በታች ላሉ ላይሆን የሚችል) ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከደረጃው ሥር ያሉትን ፊደላት አትለፏቸው፦ «ቪ» ዓመፅን፣ «ኤስ» ወሲባዊ ትዕይንትን፣ «ኤል» ጸያፍ ንግግርን ያመለክታሉ። ለወንጀል ድራማ ከቁጥሩ ይልቅ «ቪ» የበለጠ ትናገራለች ባይ ነኝ። በብሪታንያ መደበኛ ቴሌቪዥን ለልጆች የማይሆን ይዘት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይተላለፍም፤ በኢንተርኔት በተፈለገ ጊዜ የሚከፈት ድራማ ግን ሰዓት አይጠብቅም። ጠባቂው እናንተ ብቻ ናችሁ።

የመመለስ መብትም ቢሆን የሚመስላችሁን ያህል ሰፊ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የገዛ ሸማች ሐሳቡን የሚቀይርበት 14 ቀን አለው፤ ዲጂታል ይዘት ሲሆን ግን ገዢው ወዲያው እንዲቀርብለት ተስማምቶ፣ መብቱ እንደሚቀርበት አምኖ ከጀመረው ያ ዕድል ይዘጋል። በችኮላ የምትነኩት «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ዋጋ አለው።

«የቤተሰብ ጥቅል» የሚባለውም አያታልላችሁ። ስንት ሰው በስንት መሣሪያ እንደሚያይ የሚወስን የክፍያ ዓይነት እንጂ ይዘቱን ማንም መርምሮ ለልጅ ይሆናል አላለበትም።

ስለዚህ ሙሉ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ አትግዙ፤ አንድ ክፍል ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ከመሀል ወይም ከመጨረሻው አንዱን ገዝታችሁ ልጆች በሌሉበት እዩት። የመጀመሪያው ክፍል ማጥመጃ ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ እኛ ቤት ያ ትዕይንት የመጣው ማንም ሳይነካው ነው። ለልጆች የተለየ መግቢያ ክፈቱ፣ የአዋቂውን በይለፍ ቁጥር ዝጉ።

ከሁሉ በፊት ግን ከመክፈላችሁ አስቀድሞ የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ «ለመላው ቤተሰብ» የሚለው ቃልና የተጻፈው የዕድሜ ደረጃ አብረው ይታዩ። ሻጩ ገጹን ነገ ሊቀይረው ይችላል። በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ የተሸጠላችሁ ነገር ከማስታወቂያው ጋር እንደማይገናኝ ገልጻችሁ በባንካችሁ በኩል ክፍያውን መቃወም ትችላላችሁ፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላለ አትዘግዩ። እኔም ፎቶዎቹን አያይዤ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ የእናንተንም አስገቡ።