ቢጫው የዝንብ ወጥመድ፦ ለቆላው ማንጎ ምን ያህል ይሠራል?

ቢጫ ባልዲና ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን ያለው፣ በሽቦ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው የፍራፍሬ ዝንብ ወጥመድ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ማንጎና ዘይቱን ለሚያለማ ገበሬ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ሻጮች ያድናል ቢሉም፣ ብቻውን ግን ማሳ አያድንም። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ማማለያ ስለሆነ፣ ገንዘብ ማውጣት የሚገባውም ለእሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከክዳኑ ሥር ባለችው ትንሽ ቅርጫት ሜቲል ዩጂኖል በተባለው ማማለያ የተነከረ ጥጥ ወይም የእንጨት ቁራጭ ይቀመጣል። ዝንቡ ጠረኑን ተከትሎ በጎን ቀዳዳ ይገባል፤ ለመውጣት ሲል ብርሃን ወዳለበት ወደ ክዳኑ ይበራል፣ ቀዳዳውን ያጣል፣ ጥጡ ላይ ያለው ማላታይን የተባለ ፀረ ተባይ ነክቶት ይወድቃል። ስለዚህ ክዳኑ በአቧራ ከደበዘዘ የሚያመልጠው ይበዛል፤ ማማለያ በተቀየረ ቁጥር መታጠብ አለበት። ትልቁ የአሠራር ጉድለት ከባልዲው ግርጌ የውሃ መውጫ አለመኖሩ ነው። ዝናብ ይገባል፣ የሞቱት ዝንቦች ይበሰብሳሉ፣ መቁጠርም አይቻልም። በጋለ መርፌ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች መብሳት ይበቃል።

የሚይዘው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተባለውን የእስያ ዝንብ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ሲሆን፣ በዓመቱ ኢትዮጵያ ገብቷል። ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ መስመር፣ ሆዱ ላይ ጥቁር የ«ቲ» ምልክት አለው። ወደ ሜቲል ዩጂኖል የሚመጣው ግን ወንዱ ብቻ ነው። ፍሬውን ወግታ ከልጣጩ ሥር እንቁላል የምትጥለው እንስቷ ዝር አትልም። ብዙ ሰው ባልዲው ሞልቶ ሳለ ማንጎው ሲተላ ወጥመዱን የሚረግመው ይህን ባለማወቅ ነው። ወንዱ ከብዙ እንስት ጋር ስለሚገናኝ፣ ጥቂት ወንዶች ከቀሩ ርቢው ይቀጥላል። ዝንብ መኖሩን ለመከታተል በሄክታር 1 ወይም 2 ወጥመድ ይበቃል፤ ቁጥሩን ለመቀነስ ግን 10 ያህል፣ ማለትም ለአንድ ጥማድ 2 ወይም 3 ያስፈልጋል። ጎረቤትም አብሮ መስቀል አለበት፤ ያለዚያ ከእሱ ማሳ የተጋባች እንስት በርራ ትመጣለች።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ይበላሻል። ፍሬው የዶሮ እንቁላል ሲያክል፣ ከመሬት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ጥላ ባለበት ቅርንጫፍ ይሰቀል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ጠረኑ ቶሎ ይተናል። በዙሪያው ያለው ቅጠል እንዳይነካው ይመልመል፤ ሽቦው ላይም ግራሶ ይቀባ። ግራሶ ከሌለ ጉንዳን ወርዶ የሞተውን ዝንብ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል፣ ባለማሳውም ዝንብ የለም ብሎ ይዘናጋል። ማማለያ የነካ ጓንት የባልዲውን ውጭ መንካት የለበትም፤ ጠረኑ ውጭ ካለ ዝንቡ ውጭ ያርፋል እንጂ አይገባም። ማማለያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያገለግላል፤ በቆላው ሙቀት 6ኛው ሳምንት ላይ መቀየር ይሻላል። አሮጌው ጥጥ ማሳ ውስጥ አይጣል።

ባልዲውን መግዛት ለማይችል ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይተካዋል። ከላይኛው ሦስተኛ እጅ ላይ በጋለ ብረት 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ ጥጡ ከቡሽው በሽቦ ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። ፀሐዩ ሃይላንዱን ቶሎ ያደርቀዋል፤ በሚይዘው መጠን ግን ከተገዛው ብዙም አያንስም። ለዚህም ነው ከአስር ባልዲ ሁለት ባልዲና ስምንት ሃይላንድ ይዞ የቀረውን ብር ለማማለያ ማዋልን የምንመክረው።

ለእንስቷ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እንቁላል ለማብሰል ፕሮቲን ስለምትፈልግ የእርሾ ማማለያ ትወዳለች፤ ቶሩላ የሚባለው ክኒን ከ3 እስከ 5 ፍሬ በግማሽ ሊትር ውሃ ተሟሙቶ በሌላ ወጥመድ ይሰቀላል። ኬንያና ሞሪሺየስ ከቢራ ፋብሪካ የእርሾ ተረፈ ምርት ተመሳሳይ ማማለያ ይሠራሉ። ደብረ ብርሃን ቢራ እየተጠመቀ፣ ይህ ማማለያ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ላለው የቀወት ወረዳ ገበሬ እዚሁ ዞን ውስጥ አለመሠራቱ ያስቆጫል።

የወደቀ ፍሬ ካልተለቀመ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይገባና ሙሽሬ ይሆናል፤ በአስር ቀን ገደማ አዲስ ዝንብ ይወጣል። ፍሬው በየሁለት ሦስት ቀኑ ተለቅሞ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበር።

ይህ ወጥመድ ነጭ ስኬል ለተባለው የማንጎ ተባይም፣ ቱታ አብሶሉታ ለተባለው የቲማቲም ተባይም አይሆንም። ብርቱካን ላይ የሚበረታውን የሜዲትራንያን ዝንብ ለመያዝም ትራይመድሉር የተባለው ሌላ ማማለያ መግባት አለበት፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ አይመኑ። ሲገዙ የማማለያውን ፖስታ ይመልከቱ፤ የታሸገ፣ የውህዱ ስምና የአገልግሎት ቀኑ የተጻፈበት መሆን አለበት። ፖስታው ሳይከፈት ጠረኑ ከውጭ የሚሸት ከሆነ ተንኗል፤ ባልዲው አዲስ ቢሆንም ይተውት።