የአሮጌዋ ቢኤም የዘይት ኮፓ፦ ከወራት በኋላ

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ፦ ኮፓውን፣ ማለትም ከኢንጂኑ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ዕቃ፣ መቀየሩ ሠራ ወይ? አዎ፣ የኮፓ ቅያሪው ሠርቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1985 ሥሪት የሆነችው ቢኤምደብሊው አር 80 ሞተር ሳይክሌ ዘይት ማንጠባጠብ አቁማለች። ያገለገለ ኦሪጅናል ኮፓ ያሰርንላት መስቀል ሰሞን ነበር። አሁን ሰኔ ገብቷል። በመሀሉ የጥቅምት ውርጭ፣ የበጋ አቧራና የአባይ በረሃ ሙቀት አልፎባታል። ስለዚህ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ከጣለች ወዲህ መንገዴ ወደ ሰሜን ሆኗል። ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ፣ አንዳንዴም ጎሃ ጽዮንን አልፌ አባይ ድረስ። መስመሩ ለዓይን ደስ ይላል። ለሞተር ሆድ ግን አይራራም። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ኮረኮንች ነው። ከተማ በገባችሁ ቁጥር ጉብታ አለ። ከባድ መኪና በጎማው የሚያስፈነጥረው ድንጋይም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ብዙዎቻችን የምንነዳቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ለብቻው የሚፈታ ኮፓ የላቸውም። ዘይቱ የሚተኛው በኢንጂኑ ቤት ሆድ ውስጥ ነው። የአር 80 ኮፓ ግን ልክ እንደ መኪና ከሥር በትናንሽ ቡሎኖች የታሰረ፣ ለብቻው የሚወርድ የአሉሚኒየም ዕቃ ነው። የታችኛው ፊቱ ነፋስ እያገኘው ዘይቱን እንዲያበርድ ክንፍ ክንፍ ተደርጎ ተሠርቷል። መተካት የሚቻለውም ለብቻው ስለሚወርድ ነው።

የአሮጌው ኮፓ ችግር ሁለት ነበር። አንደኛው የማፍሰሻው ቡሎን፣ ማለትም ዘይቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ቡሎን፣ የሚገባበት ጥርስ ነው። እኔ ከመግዛቴ በፊት አንድ ጋራዥ ቡሎኑን አለቅጥ አጥብቆ ጥርሱን በልቶታል። ከዚያ በቴፍሎን ጠቅልሎ መልሶታል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ዘይቱን የሚይዘው ጉልበት አይደለም። በቡሎኑና በኮፓው መሀል ያለችው ስስ ቀለበት፣ ሮንዴላ ናት። እሷ በየዘይት ቅያሪው አዲስ ከሆነች ቡሎኑ መጠነኛ ጥብቀት ይበቃዋል። ሁለተኛው ችግር ከማፍሰሻው አጠገብ ድንጋይ የመታው ቦታ ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው። ኢንጂኑ ሲሞቅ ትከፈትና ዘይት ታወጣለች።

ስንጥቁን በአርጎን ጋዝ ብየዳ ማስበየድ ይቻል ነበር። ርካሽም ነው። ሱሉልታ ያለውን መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለውን፣ አማከርኩት። ኮፓውን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ላስበይድልህ እችላለሁ» አለኝ። «ግን ላብ ማላቡን አይተውም። ሌላ ፈልግ ልጄ።»

ምክንያቱንም አስረዳኝ። ዓመታት ሙሉ ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም የብየዳ እሳት ሲነካው አረፋ ያወጣል። ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሙቀቱ ከኢንጂኑ ጋር የሚገናኘውን ፊት ሊያጣምመው መቻሉ ነው። ያ ፊት ከተጣመመ በሁለቱ መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬት የምንለው፣ የትኛውም ቢሆን አያድነውም።

አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራ ዞርኩ። የመኪና ኮፓ እንደ ጉድ አለ፣ ለዚህች ሞተር ግን የለም። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከመግዛቱ በፊት ሁለት ፎቶ አስልኬ ነበር፦ አንዱ የማፍሰሻውን ጥርስ በቅርብ የሚያሳይ፣ ሌላው የጋስኬቱን ፊት። ዕቃው ሲደርስ ጋሼ ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ኮፓውን በቀስታ አሸው። ዙሪያው በሙሉ እኩል ሲያበራ ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ታወቀ።

ማውረዱ ቀላል ነው። ኢንጂኑን ሞቅ አድርጎ ዘይቱን ማፍሰስ፣ ቡሎኖቹን በየተራ ማላላት፣ ከዚያ ኮፓውን በእጅ ደግፎ ማውረድ። በብረት መፈልቀቅ ክልክል ነው፤ ፊቱን ይጭረዋል። ከወረደ በኋላ ከላይ ዘይት ጠብ ጠብ ማለቱን ስለማያቆም ሌሊቱን ከሥሩ ትሪ አስቀምጠን ተውነው።

ጠዋት ስናይ ያገኘነው ነገር ከስንጥቁ በላይ አስደነገጠኝ። ኮፓው ውስጥ ዘይት መምጠጫው አፍ ላይ ወንፊት አለ። ፓምፑ ዘይቱን የሚስበው በእሱ በኩል ነው። ወንፊቱ ላይ ቀይ የሲሊኮን ፍርፋሪ ተለጥፎ ነበር፤ ግማሹ የምስር ክክ ያህል፣ ግማሹ እንደ ክር የተጎተተ። ቀድሞ የሠራው ሰው በጋስኬት ፋንታ ሲሊኮን፣ እንደ ሙጫ ተቀብቶ የሚደርቅ ማሸጊያ፣ ለቅልቆበት ኖሯል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ተጨምቆ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይወጣል። ተቆርጦ ይወድቅና ወንፊቱን ይዘጋል። ወንፊቱ ከተዘጋ ዘይት ወደ ላይ አይደርስም፣ ኢንጂኑም ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። እኔ ለቅያሪው ያወጣሁት ገንዘብ በዚህች ግኝት ብቻ ተመልሷል እላለሁ።

ስለዚህ አዲሱን ያሰርነው በጋስኬት ብቻ ነው፣ ያለ ምንም ሲሊኮን። ፊቶቹን በነጭ ጋዝ አጥበን አደረቅን። ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር እያፈራረቅን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች አጠበቅን። አሉሚኒየም ላይ ለሚታሰር ኤም 6 (ባለ 6 ሚሊ ሜትር) ቡሎን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ ክንዱ የፈረጠመ ሰው ሳይታወቀው ያልፋታል። ዘይቱ 20ደብሊው-50 ነው፣ ከፊልትሩ ጋር 2.5 ሊትር። የዚህች ሞተር ፍሪሲዮን ደረቅ፣ ማለትም በኢንጂኑ ዘይት የማይነከር፣ ስለሆነና ካምቢዮውም የራሱ ዘይት ስላለው ጥሩ የመኪና ዘይት ይስማማታል።

ወራቱ ምን አሳዩ? ኅዳር ላይ ከኋላ በቀኝ ጥግ በኩል እርጥበት አየሁ። ጋስኬት ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ትንሽ ይሟሽሻል፣ ያኔ ቡሎኑ ይላላል። በቶርክ ሬንች እዚያው ቁጥር ላይ መለስነው፣ ከዚያ ወዲህ ደርቋል። እርጥበት ባያችሁ ቁጥር ግን ኮፓውን አትጠርጥሩ። በእነዚህ ሞተሮች ከፍላይዊሉ፣ ከኢንጂኑ ኋላ ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ጀርባ ያለው የዘይት ማኅተምም ሲያፈስ ታች ወርዶ ኮፓው ላይ ይንጠባጠባል። ነፋሱም ወደ ኋላ ይበትነዋል። ሆዱን በደንብ አጥባችሁ የጠመኔ ዱቄት ነፋ ነፋ አድርጉበትና አጭር መንገድ ንዱ። ዱቄቱ መጀመሪያ የጠቆረበት ቦታ ምንጩ ነው።

ትልቁ ፈተና አባይ በረሃ ነበር። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ከሲኖትራክ ኋላ ስትወጡ በነፋስ የሚበርድ ኢንጂን ነፋሱን ያጣል። ደጀን ቆሜ ሥሩን አየሁት። አንዲትም ጠብታ የለም።

ያልወደድኩትም አለ። በጭቃ ወቅት የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ክንፎቹ መሀል ገብቶ ይደርቃል፣ ማብረዱንም ይከለክላል። በየሳምንቱ በእንጨትና በውኃ አስወጣዋለሁ። ከድንጋይ እንዲከልል ብዬ ከላሜራ መከላከያ አሠርቻለሁ። የሚታሰረው ፍሬሙ ላይ ነው። ኮፓው ቡሎኖች ላይ የሚታሰር መከላከያ ድንጋይ ሲመታው ምቱን በቀጥታ ለኮፓው ያስተላልፋል፣ ስለዚህ አልመክረውም። የአሉሚኒየም ሮንዴላም እዚህ በቀላሉ አይገኝም። መዳብ ካገኛችሁ እሳት ላይ እስኪቀላ አግላችሁ አቀዝቅዙት፤ ይለሰልሳል፣ ደግሞም ይሠራል።

ውጭ አገር ሰው ልካችሁ የምታስመጡ ከሆነ ከኮፓው ጋር ሁለት ጋስኬትና አንድ እሽግ ሮንዴላ ጨምሩ። ቀላል ናቸው፣ ከሻንጣው ኪሎ ላይ አይታወቁም። ያገለገለ ኮፓ ሲሆን የጥርሱን ፎቶ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። ሻጩ «ንጹሕ ነው» ካለ በቡሎን ሞክሮ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ቡሎኑ ሳይወላወል በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ከገባ ግዙት።