የጫጩት ማሞቂያ ብለው ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበላ ቆጣቢ አምፖል) ሸጡልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

የአንድ ቀን ጫጩት ልታስገቡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የሙቀት አምፖል ፍለጋ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት የሞቱ ጫጩቶችን በጆንያ ሰብስቤ ቀብሬያለሁ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ከጣሪያው እስከ በሩ ኬብል የተንጠለጠለበት፣ የጠየቃችሁት ዕቃ ቢኖርም ባይኖርም «አለ» የሚባልበት ዓይነት ነው። ከሌለ አንዱ ልጅ ሮጦ ከጎረቤት ያመጣል። «ለጫጩት የሚሆን፣ የሚያሞቅ፣ 250 ዋት» አልኩ። ሻጩ ልጅ «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ውሃም አስመጣልኝ። ከዚያ ትልቅ ቀይ አምፖል አወጣ። አንገቱ ላይ «250 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰክቶ አበራው፤ ሱቁ በሙሉ ቀላ። «ይኸው፣ እሳት ነው!» አለኝና ወዲያው አጠፋው። አራት ገዛሁ። የአንዱ ዋጋ ብቻ ብዙ ተራ አምፖል ይገዛል።

እውነተኛው የሙቀት አምፖል ክር ያለው ነው። ውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከ2000 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ብርሃኑም የሚመጣው ከዚያ ግለት ነው። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለቤት መብራት ይህ ብክነት ስለሆነ ነው በቆጣቢ አምፖል የተተካው። ለጫጩት ግን የምንፈልገው ያንኑ ብክነት ነው። ድሮ እናቶቻችን በካርቶን ውስጥ ባለ 100 ዋት ተራ አምፖል አንጠልጥለው ጫጩት ያሳድጉ ነበር። አሁን ክር ያለው አምፖል በየሰፈሩ ሱቅ ስለማይገኝ ነው እነዚህ ሰዎች እጅ ላይ የምንወድቀው።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ላባ እስኪያወጣ ድረስ ሰውነቱን ራሱ ማሞቅ አይችልም። እኔ ሰጋቱራውን አንጥፌ፣ ዙሪያውን በካርቶን ከልዬ፣ አምፖሎቹን ከግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ አንጠልጥዬ ነው የጠበቅኳቸው። መቶ ጫጩት ከሰዓት በኋላ ገቡ። ሲመሽ ጩኸታቸው ተለወጠ። አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ይከመራል። የሞቀው ጫጩት ተበታትኖ ይበላል፣ ይተኛል፤ የበረደው ነው የሚከመረው። ቴርሞሜትሩ 21 ይላል።

ለሻጩ ደወልኩ። «ኃይል ዝቅ ብሎብዎት ነው፤ ትንሽ ይታገሱ፣ ሲቆይ ይሞቃል» አለኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ከአምፖሎቹ በላይ የጎዳችኝ እሷ ናት። በእሷ ምክንያት ስንት ሰዓት ስጠብቅ አመሸሁ።

በመጨረሻ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ቴስተር ካቻቢቴውን ሶኬቱ ውስጥ ሲያስገባ ውስጧ ያለችው ትንሽ ኒዮን በራች። «እትዬ፣ ይቺ መስመሩ ኤሌክትሪክ እንዳለው ነው የምትነግረን እንጂ ስንት ቮልት እንዳለው አትለይም» አለኝ። እውነቱን ነው። ኒዮኗ ክር የላትም፤ የሚበራው ጋዙ ራሱ ነው። 90 ቮልት ገደማ ካገኘች ይበቃታል። በመልቲሜትር ለካው፤ 217 ቮልት። ኃይሉ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ ልጁ እጁን ዘርግቶ የበራውን አምፖል በመዳፉ ጨብጦ ያዘው። ጨብጦ ያዘው! 250 ዋት ክር አምፖል ሲበራ የነካው ሰው ይላጣል። አጥፍቶ ፈታው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሩ ላጠው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ኤልኢዲ 15 ዋት» ይላል። አራቱም ያው ናቸው። ወጥቼ ቆጣሪዬን አየሁት። አራቱ አምፖሎች ተደምረው 1 ኪሎዋት እየበሉ ነው በተባለበት ሰዓት ቀይ ምልክቱ ቀስ እያለ ነው ብልጭ የሚለው።

ቀይ ብርሃን ከሙቀት ጋር ምንም አያገናኘውም። ያቺው የቴስተሯ ኒዮንም ቀይ ናት፤ ኤሌክትሪክ መኖሩን ለማሳየት በዕቃዎች ላይ የሚያስገቧትም እሷኑ ነው። አንድም ጫጩት አታሞቅም። ሱቁ ውስጥ «እሳት ነው» ብሎ ያሳየኝም ቀለም ብቻ ነበር። ወዲያው ያጠፋውም እጄን አስጠግቼ እንዳልሞክር ነው።

ውሃ አፍልተን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን መሃላቸው አስቀመጥን። ሲነጋ 34 ሞተዋል። አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር ታፍነው ነው።

ዛሬ አምፖሎቹን ይዤ ወረድኩ። ትናንት «እናቴ» ያለኝ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ይህ 250 ዋት ነው?» አልኩት። «አንቺ የጠየቅሽው ቀይ አምፖል ነው፤ ደረሰኝሽን እዪው።» አየሁት። «ቀይ አምፖል፣ 4» ይላል። ስለ ዋትም ሆነ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል አልተጻፈም። የተላጠውን ወረቀት አሳየሁት። «ራስሽ ለጥፈሽው ቢሆንስ?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። በእናቱ ዕድሜ ያለሁ ሴት ነኝ፤ «አንቺ» አለኝ። ስለሞቱት ስነግረው ደግሞ «ታዲያ ዶሮ አይሞትም እንዴ?» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሌላ ሴት ውሃ ይዛ ተቀምጣለች።

እኔ አልተውኩትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለ ዕቃ የተሳሳተ መረጃ መስጠትን ይከለክላል። ወረቀቱንም፣ አምፖሉንም፣ ደረሰኙንም ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

እናንተ ስትገዙ አምፖሉ እዚያው አምስት ደቂቃ ይብራ፤ እጃችሁን ከፊቱ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ሙቀቱ ካልተሰማችሁ ተዉት። አንገቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ላጡት። ደረሰኙ ላይ «ሙቀት ሰጪ፣ ክር ያለው፣ 250 ዋት» ብለው ካልጻፉ አትክፈሉ። ከሰል የምትጠቀሙ ደግሞ ክፍሉን አትዝጉ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። እኔም የተረፉትን አሁን በከሰል ነው የያዝኳቸው። ትክክለኛውን አምፖል የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ጠቁሙኝ፤ ሌሊቱ እየመጣ ነው።