መንጋጋውን ሲከፍት ሰዓት የሚያሳየው ራስ ቅል

ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር፣ የሰዓት ሠሪው ፓቴክ ፊሊፕ ሙዚየም ገባሁ። አዲሶቹን ሰዓቶች በቶሎ አለፍኳቸው። ከ1500ዎቹ ጀምሮ ያሉት ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልነሳ አለ። መነጽሬን ሆቴል ረስቼ፣ እንደ ሕፃን መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ነው ያየኋቸው።

አንዱ የራስ ቅል ቅርጽ አለው፤ መንጋጋው ሲከፈት ሰዓቱ ከውስጥ ብቅ ይላል። «ሟች ነህ» ማለቱ ነው። ሌላው መስቀል ነው። የጥንቶቹ ጠቋሚያቸው አንድ ብቻ ነው፤ ደቂቃ ብሎ ነገር የለም። ለቀጠሮማ አይሆኑም! ጌጥ ናቸው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን ጄኔቫ ላይ ጌጣጌጥ ሲያስከለክል አንጥረኞቹ ወደ ሰዓት ዞሩ ይባላል። ብልጦች! ስትሄዱ ግማሽ ቀን ያዙለት፤ መነጽራችሁንም።