የትዳር ጓደኛችሁ ዘንድ የምትሄዱ፣ ዕቃችሁ ሲደረደርና ሲለካ አጠገቡ ቁሙ

ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ከበረደልኝማ «ይሁን፣ አለፈ» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

እነዚህን የቤት ዕቃ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ አስጫኞች ታውቋቸዋላችሁ። በስልክ ሲያነጋግሯችሁ ከወንድም ይቀርባሉ፤ ቤት ድረስ መጥተው ዕቃውን በዓይናቸው ቃኘት አድርገው ዋጋ ይናገራሉ፤ ቅድሚያ ክፍያውን እስኪቀበሉ ድረስ ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው «ችግር የለም» ነው። እኔንም ያነጋገረኝ ሰው «እርስዎ ስለ ጉዞዎ ብቻ ያስቡ፤ ዕቃው ባለቤትዎ ያሉበት ድረስ ይደርሳል፣ ሙሉ ኃላፊነቱ የእኛ ነው» ብሎኝ ነበር። የማስጭነው ብዙ አልነበረም፤ መጻሕፍት፣ የወጥ ቤት ዕቃና የአልጋ ልብስ የያዙ ካርቶኖች፣ አንድ ተጠቅልሎ የታሰረ ምንጣፍና አንድ ቋሚ መብራት ብቻ ነው። ሰውየውም 1.3 ሜትር ኩብ ይሆናል ብሎ ግምቱን በጽሑፍ ሰጠኝ።

በባሕር የሚላክ ዕቃ ለብቻው ኮንቴይነር የማይሞላ ከሆነ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር ተዳብሎ ይጫናል፤ ክፍያውም በክብደቱ ወይም በሚይዘው ቦታ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይሰላል። አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ጋር እኩል ስለሚቆጠርና የቤት ዕቃ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ሞልቶም አንድ ቶን ስለማይመዝን፣ እንደ እኛ ያለው ሰው የሚከፍለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዕቃው በሚይዘው ቦታ ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው ሚዛኑ ሳይሆን ሜትሩ ነው።

ከመጋዘኑ የተደወለልኝ በረራዬ ሊደርስ ሲል፣ የተከራየሁትን ቤት ቁልፍ አስረክቤ ዘመድ ቤት ባረፍኩበት ጊዜ ነው። ስደርስ ዕቃዬ በእንጨት ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ በአንድነት የሚነሣበት ዝርግ መደብ) ላይ ተደርድሮ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ፓሌቱ 1.2 ሜትር በ1 ሜትር ሲሆን የካርቶኖቹ ክምር ከነፓሌቱ ከወለሉ 1.1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህ ሲባዛ 1.32 ሜትር ኩብ ስለሚመጣ ግምቱ ልክ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ምንጣፉን በካርቶኖቹ መካከል አጋድመው ጫፉን ከፓሌቱ ጠርዝ 35 ሳንቲ ሜትር አውጥተውታል፤ መብራቱም መሐል ላይ እንደ ባንዲራ እንጨት ተተክሎ አናቱ ከወለሉ 1.5 ሜትር ደርሷል። የምንጣፉ ጫፍ በራሱ ክብደት ወደ ታች ዘምበል ብሎ ነበር። ሠራተኛው በአንድ እጁ ቀና አድርጎ ያዘውና በሌላው ሜትሩን ዘረጋ፤ 1.55። ቀጥሎ ሜትሩን ከወለሉ እስከ መብራቱ አናት አቆመው፤ 1.5። በካርቶን ቁራጭ ላይ አባዝቶ 2.33 ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚህ ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ ያህሉ ባዶ አየር ነው።

«መብራቱ እኮ ይፈታታል፣ ምንጣፉም ይታጠፋል» አልኩት።

«ከታሸገ በኋላ አይከፈትም።»

«ያሸጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ኃላፊው ላከኝ። ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ አዳመጠኝና ፓሌቱን ፈትቶ እንደገና ለመደርደር የሠራተኛ ክፍያ እንዳለው፣ ኮንቴይነሩ ዕቃ መቀበል የሚያቆመው በዚያው ዕለት ስለሆነ የእኔ ለሚቀጥለው እንደሚተላለፍ፣ እስከዚያም የመጋዘን ኪራይ እንደሚቆጥርብኝ ነገረኝ። ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ ብለው ቅድሚያ ክፍያው እንደማይመለስ፣ ለማውጣትም እንደምከፍል ጨመረልኝ። የምለው ጠፍቶኝ ስቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና «ባልሽ ውጭ አገር አይደል እንዴ? ይከፍላል» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ሣቀች።

ባለቤቴ የእኔን ቪዛና የቤታችንን ኪራይ እንዴት እንዳጠራቀመ ይህ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው የበረራ ቀን የተቆረጠላት ሴት ቆማ ልትከራከር እንደማትችል ነው፤ እርሱም በቂው ነው። ከፈልኩ።

በውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ በመጋዘን በሚደረገው ልኬት እንደሚወሰን የሚገልጽ አንቀጽ አለ፤ ኃላፊውም በጣቱ አሳይቶኛል። አንቀጹን አልቃወምም፤ በዓይን የተገመተ ዕቃ በሜትር መረጋገጡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚደረድረውም፣ የሚለካውም፣ በልኬቱ የሚያስከፍለውም አንድ ድርጅት ሆኖ ሳለ ደንበኛው የሚጠራው ሁሉ ነገር ከታሸገ በኋላ መሆኑ ድንገት የመጣ አሠራር አይመስለኝም። ምንጣፍ ማጠፍ የማይችል የመጋዘን ሠራተኛ አለ ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ደረሰኙን ስቀበል ገንዘብ ተቀባይዋ ሌላም ነገር አከለችልኝ፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ኮንቴይነሩ ሲራገፍ፣ ለወደብ አገልግሎትና ለሰነድ የመድረሻው ወኪል ለብቻው ያስከፍላል፤ አብዛኛውም በዚሁ በ2.33 ላይ ይሰላል። «እሱ እኛን አይመለከትም» አለች። ሙሉ ኃላፊነቱ የእኛ ነው ያለኝ ሰው ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሣም።

ገና ላልከፈላችሁ፦ ልኬቱ በየካርቶኑ ነው ወይስ በፓሌት የሚለውን በጽሑፍ አስመልሱ፤ ልኬቱ ከግምቱ በምን ያህል ቢበልጥ ያለ ቅጣት ዕቃችሁን ማውጣት እንደምትችሉ ውሉ ላይ አስገቡ፤ የመድረሻውን ክፍያ ዝርዝር አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ፕላስቲኩ ከመጠቅለሉ በፊት ተገኝታችሁ ፎቶ አንሡ። «መምጣት አያስፈልግዎትም» የሚል መጋዘን ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።