ከዓሣ ሆድ ዕቃ የወጣ የሸርጣንና የሽሪምፕ ስባሪ ለመለካት፦ ካሊፐር፣ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ወይስ ካሜራ?

ከዓሣ ሆድ ዕቃ ሙሉ ሽሪምፕ ወይም ሙሉ ሸርጣን የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሥጋው ቶሎ ይፈጫል፤ ካይቲን ከተባለ ጠንካራ ንጥረ ነገር የተሠራውና በብዙዎቹ ላይ በካልሲየም የጠነከረው ቅርፊት ግን ይቆያል። የተበላው እንስሳ መጠን የሚገመተውም ከዚሁ ከተረፈው ነው፦ ከመቆንጠጫው፣ ከመንጋጋው፣ ከጀርባው ቅርፊት ወይም ከጅራቱ ጫፍ። የስባሪው ልክ በቀመር ወደ ሙሉ ርዝመት፣ ከዚያም ወደ ክብደት ይለወጣል። ክብደት በግምት ከርዝመት ኩብ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ርዝመቱን በ10 በመቶ አብዝቶ የገመተ ሰው ክብደቱን በ33 በመቶ ያጋንናል። መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ይህን ስሌት ከዋጋው በፊት ቢያስብበት እመክራለሁ።

የሚያጠኑት ዓሣ ሸርጣን፣ ክሬይፊሽ ወይም ትልልቅ ሽሪምፕ የሚበላ ከሆነ ዲጂታል ካሊፐር፣ ማለትም ነገሩን በሁለት ከንፈሮቹ መካከል ይዞ የሚለካው መሣሪያ፣ ይበቃል። ርካሽ ነው፤ ጀልባ ላይም ይሠራል። ማሳያው 0.01 ሚሊሜትር ስላነበበ ግን ልኬቱ ያን ያህል ትክክል ነው ማለት አይደለም። በሆድ አሲድ የለሰለሰ ቅርፊት በካሊፐሩ ከንፈሮች መካከል ይጨመቃል፣ ይጣመማልም። ከ5 ሚሊሜትር ለሚያንስ ስባሪ አልመርጠውም።

ለኮፔፖድና ለአምፊፖድ (ሁለቱም የሽሪምፕ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ የውኃ እንስሳት ናቸው) እንዲሁም ለትንንሽ መንጋጋዎች ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚታይበት ማጉያ መሣሪያ፣ የግድ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብባልም ይህንኑ እገዛለሁ። በዓይን ሌንሱ ውስጥ የሚገባው ባለመስመር መስታወት በራሱ ሚሊሜትር አይናገርም፤ አንድ ሚሊሜትር በ100 በተከፈለበት ስላይድ ለእያንዳንዱ ማጉያ ደረጃ ተለይቶ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ማጉያው በየደረጃው ቀጭ ብሎ የሚቆም መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። እንዳሻው የሚንሸራተት ማጉያ ለማየት ምቹ ቢሆንም ትናንት የተሠራውን ማስተካከያ ዛሬ ዋጋ ያሳጣዋል። ሁለቱ የብርሃን መስመሮች ዘንበል ብለው የሚገናኙበት የግሪኖ ዓይነት ርካሽ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች በአንድ የጋራ ሌንስ የሚያልፉበት ዓይነት ይወደዳል፤ ካሜራ ለመግጠምና ለመለካት ግን የተሻለው እርሱ ነው።

ካሜራ ከማይክሮስኮፑ ጋር ሲጣመር ትልቅ ጥቅም አለው። አምፊፖድ ጎብጦ ስለሚገኝ ቀጥ ያለ መስመር ያሳጥረዋል፤ በኮምፒውተር ላይ ግን ጉብጠቱን ተከትሎ መለካት ይቻላል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሠራው ኢሜጅጄ የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ ያገለግላል፤ በነጻ ይገኛል። ምስሉ ስለሚቀመጥም ሌላ ሰው ልኬቱን ደግሞ ማረጋገጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ያዘነበለ ስባሪ በፎቶም ያጥራል፤ የሜጋፒክስል ብዛት ይህን አያርምም። በመጀመሪያ ስባሪውን ጠፍጣፋ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ከሦስቱም በላይ ቅድሚያ የምሰጠው በጀት ግን ለማነጻጸሪያ ናሙናዎች የሚውለው ነው። ከአካባቢው ውኃ የተያዙ፣ ሙሉ አካላቸውም መቆንጠጫቸውም የተለካ እንስሳት ከሌሉ ቀመሩ የሌላ ዝርያ ይሆናል። በብዙ የሸርጣን ዝርያዎች የወንዱ መቆንጠጫ ከሴቷ ይበልጣል፤ በአንዱ ሸርጣን ላይ እንኳ የግራውና የቀኙ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀመሩ ጾታንና ጎንን ካልለየ ውድ ማይክሮስኮፕ አይረዳም። ስለዚህ ከካሜራው በፊት ጠርሙሶች፣ አልኮልና ጥሩ ሚዛን ይግዙ። ናሙናውን እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ በፎርማሊን የሚያቆዩ ከሆነ፣ አሲድነቱን የሚቀንሰውን ቦራክስ ይጨምሩበት፤ አሲዳማ ፎርማሊን የቅርፊቱን ካልሲየም ያሟሟል።